የተጋረደ ማዕድ

በቤር ሸባ የሐምሌ ቀትር ጋቢ ተከናንቦ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። ከማዕከላዊው ጣቢያ ሽኩና ቫቭ ወደሚባለው ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ላብ በላብ ሆነው ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ሲያጣብቁ ሳይ፣ የመጀመሪያው መስሎኝ «አባባ፣ አሞዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሾፌሩ መብራት ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ግን የተደበቀው ወጣ። ከጋቢው ሥር ጥቁር ፌስታል አምልጦ ተቀደደና ጣሳዎች እየተንከባለሉ በየመቀመጫው ሥር ተበተኑ። አንዲት ሩሲያዊት ሴትዮና አንድ ወታደር እየለቀሙ ሲያቀብሏቸው፣ ሽማግሌው እየነጠቁ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ምስጋና እንኳ ከአፋቸው አልወጣም። እኔም ከእግሬ ሥር የቆመውን ጣሳ አንሥቼ አየሁት፤ መዋጥ ለማይችልና በሆድ ቱቦ ለሚመገብ ሕመምተኛ የሚሰጥ ፈሳሽ ምግብ ነው። ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ አገር ደግሞ በክሊኒክ ውስጥ በሐኪሙና በኛ ሰው መካከል ቆሜ አስተረጉማለሁና ጣሳውን አውቀዋለሁ።

«ማን ታሞብዎት ነው አባባ?»

«ማንም አልታመመ። ጣሳውን ስጠኝ ልጄ፤ ምግብ አደባባይ አይታይም።»

ፌስታሉ ተቀዷልና ብቻቸውን ሊሸከሙት አልቻሉም። ሳይወዱ በግድ አብሬያቸው ወረድኩ። ስማቸው ታፈረ መሆኑን፣ የደምብያ ሰው መሆናቸውን፣ በፈረንጆች ዘጠና አንድ፣ በዚያው እኔ በመጣሁበት ሰሞን በአውሮፕላን መምጣታቸውን መንገድ ላይ ነገሩኝ። እኔም አስተማሪ እንደነበርኩ ነገርኳቸው፤ ስለ ጣሳው ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። ደረጃውን ሲወጡ እግራቸውን በየደረጃው ጠርዝ ላይ እየፈተኑ ስለነበር ዓይናቸው ደኅና እንዳልሆነ ገባኝ። ሁለተኛው ፎቅ ደርሰን በራቸውን ከከፈቱ በኋላ ጣሳዎቹን ከእጄ ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» አሉና በሩን ዘጉት። ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ሰማሁ።

ደጁ ድረስ ሸክም ያደረሰለትን ሰው «ግባ፣ ውሃ ቅመስ» ሳይል በር የሚዘጋ የደምብያ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ተቀየምኩ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሽኩና ሄ ብቻዬን ስለምኖር ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ እወዳለሁ፤ ይህንንም አልሸሽግም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ተመልሼ ምሳዬን ከራዲዮኑ ጋር በላሁ።

በሳምንቱ ምስራቅ የምትባል ወጣት ነርስ ክሊኒክ ውስጥ ፈልጋ አገኘችኝ። ምስራቅ ያን ጊዜ በአውሮፕላን ስንመጣ በእናቷ እቅፍ የነበረች ልጅ ናት። ዛሬ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሕመምተኞችን ቤተ ሰብ ታሠለጥናለች፤ በቱቦ እንዴት እንደሚመገብ፣ ቱቦው በውሃ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የገባበት ቀዳዳ ዙሪያውን እንዴት እንደሚጸዳ ታሳያለች። አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተጋባ ነው፤ እኔ ሳርማት እሷ ትስቃለች።

«መምህር፣ አንድ ሽማግሌ አቃቱኝ» አለችኝ። «ደጋግሜ ሄድኩ። ከበሩ በስተኋላ ሲተነፍሱ ይሰማኛል፣ አይከፍቱም። የጤና መድኑ፣ ኩፓት ሆሊም፣ የላከላቸውን ሜታፔሌት እንኳ፣ በሽተኛ የምትጠብቀዋን፣ ከደጅ መለሷት። ባለቤታቸው በሆድ ቱቦ ነው የሚበሉት፤ የሚመግቧቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። አሁን የእሳቸው ዓይን በሞራ ተሸፍኖ ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮላቸዋል።»

«ይሂዱና ይታከሙ እንጂ ምን ችግር አለው?»

«እሳቸው ሆስፒታል ሲተኙ እማማን ማን ይመግባል? ሌላ የሠለጠነ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ሐኪሙ ቤት አቮት ያስገባቸዋል። ቦታ ያለው የአረጋውያን ቤት ደግሞ ሩቅ፣ ወደ ሰሜን ነው። አማርኛ የሚሰማ ሰው የለበትም። አንዴ ከሄዱ የሚመለሱ አይመስለኝም። አባባ ባይታከሙ ደግሞ ጨርሰው ይታወራሉ፤ ያን ጊዜም እማማ መሄዳቸው አይቀርም።»

ስማቸው ማን እንደሆነ ስጠይቃት «ታፈረ» አለችኝ። ቅያሜዬ ያን ጊዜ ለቀቀኝ።

አብረን ሄድን። እኔ ስጣራ ዝም አሉ። «አባባ ታፈረ፣ ያ ጣሳ የተሸከመልዎት ሰው ነኝ» ስላቸው ግን ቁልፉ ዞረ። አንዴ ያለ ውሃ የሸኙትን ሰው ዳግመኛ መመለስ አሳፈራቸው መሰለኝ።

ቤቱ በቀን ጨልሟል። የመስኮቱ መዝጊያ ወርዷል። በሳሎኑ ጥግ አንድ የሆስፒታል አልጋ አለ፤ ዙሪያውን ግድግዳው ላይ በተመቱ ምስማሮች ጋቢ ተወጥሮበታል። አባባ ታፈረ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርገው አሳዩን። እማማ ማንአለብሽ በጀርባቸው ዘርጋ ብለው ተኝተዋል። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ አንደበታቸው ተዘግቷል፣ መዋጥም አይችሉም። ይሰማሉ ግን፤ ያውቃሉም። ዓይናቸው እኛን ሲያይ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ይመላለስ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት የሕመም ስቃይ አልነበረም፤ እንግዳ የናፈቀው ሰው ፊት ነበር፤ እኔም አውቀዋለሁ።

«አባባ» አለች ምስራቅ፣ «ጋቢው ለምንድን ነው?»

«የሰው ዓይን እንዳያገኛት ነው ልጄ። ሰው ሲበላ ይጋረዳል። ጤነኛውን እንኳ እንጋርድ የለም እንዴ? ይችማ ሆዷ ተበስቶ፣ አፏ ተዘግቶ በጎን ነው የምትበላው። ይህን ያየ ዓይን ምን ያደርጋታል?»

ምስራቅ ፈገግ አለች። «አባባ፣ ነርስ ስንሆን በሰው ዓይን ስለታመመ አላስተማሩንም።»

«እንግዲያው ያላስተማሩሽን እኔ ልንገርሽ» አሉና ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

የዘመኑ ልጆች ጥፋታቸው ይህ ነው። እውነት ይዘው ይመጣሉ፤ ነገር ግን በፈገግታ ስለሚሰጡት የሚቀበላቸው ያጣሉ። ምስራቅን በዓይኔ ገሠጽኳት። ብልኅ ልጅ ናትና ወዲያው ገባት። ከሽማግሌው ፊት ቁጢጥ ብላ «ይቅርታ አባባ። ይንገሩኝ፣ እሰማለሁ» አለቻቸው።

«የፋሲካ ሰሞን ነው» አሉ። «በሩን ሳልቆልፍ ምግቧን እየሰጠኋት ነበር። ትብለጥ፣ ከእኛ በላይ የምትኖረው ጎረቤታችን፣ ‹ቤቶች› ብላ ገባች። አየቻት። ‹ውይ ማንአለብሽ፣ ፊትሽ እንዴት ወዛ› አለች። በዚያው ቀን ማታ ትኩሳት ያዛት። በማግሥቱ አምቡላንስ መጣ። ሳንባዋ ነው አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልንገርሽ?»

«እማማ ትብለጥ ሲገቡ እማማ ማንአለብሽ ቀና ብለው ነበር ወይስ ተኝተው?»

«ቀና ብላ። ሆስፒታል እንዳሳዩኝ ራስጌዋን ከፍ አድርጌ ነበር የምሰጣት።»

«ከዚያስ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ የአልጋውን እጀታ አዙሬ ቶሎ አስተኛኋት። ጋቢም ፊቷ ላይ ጣልኩ።»

«ምግቡንስ አቆሙት?»

«ስሪንጁ ሙሉ ነበር። ከጋቢው ሥር ሆኖ ገባ።»

ምስራቅ ወደ እኔ ዘወር አላለችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። «ከዚያ ወዲህስ አባባ?»

«ከዚያ ወዲህ አልጋውን አላነሣሁትም። ቀና ካለች እዚያ ማዶ ሕንጻ ሰገነት ላይ ልብስ የሚያሰጡት ሁሉ ያዩአታል። ተኝታ ከጋቢው ሥር ስትሆን ግን ማንም አያያት።»

ልጅቱ ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙሷን አወጣች። ግማሽ ያህል ውሃ ነበረው። ክዳኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ በጎኑ አጋደመችው፤ ውሃው ፈስሶ በጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ወለሉ ወረደ። አባባ ታፈረ ውሃውን ባያዩትም ሲንጠባጠብ ሰሙት።

«ሆድም እንዲህ ነው» አለች። «ቱቦው ምግቡን ሆድ ውስጥ ያስገባዋል። ሰው ዘርጋ ብሎ ከተኛ ግን ተመልሶ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። እኔና እርስዎ ብንሆን እንውጠዋለን ወይ እናስለዋለን። እማማ አይችሉም፤ ስለዚህ ወደ ሳንባቸው ይገባል። ለዚህ ነው ሲበሉም ከበሉ በኋላም ቆየት እስኪል ራስጌያቸው ከፍ ማለት ያለበት።»

አባባ ታፈረ ቀጥለው የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ይሁን፣ አልጋው ነው እንበል። ትብለጥ ባትገባ ግን እኔ አልጋውን ባላወረድኩ። እንግዲህ ያስወረደኝ ዓይኗ ነው ወይስ አይደለም?»

ምስራቅ ወደ እኔ ዞረች። ክርክሩ የጎንደር ሽማግሌዎች ክርክር ነውና በቀላሉ አይፈታም። «አባባ፣ ዓይኗስ የአልጋውን እጀታ አልነካም» አልኳቸው። «ያስወረደዎት የእርስዎ ፍርሃት ነው። የፈራ እጅ ደግሞ ይቅበጠበጣል።»

«እንዴት አልፈራ?» አሉ፣ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። «ልጄ ክንዴ ሰሜን ነው፤ በበዓል ይመጣል። ዓርብ ዓርብ ይደውላል፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ። ከዚያ በቀር ቤቱ ጭር ያለ ነው። እሷ ደግሞ አታወራኝም። እሷም ከሄደች ከማን ጋር ዝም እላለሁ?»

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ትምህርት ቤት የለም።  በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው «መስኮቱ ከተጋረደ አልጋው ይነሣ» አሉ። ምስራቅ እጀታውን ቀስ ብላ አዞረች። የእማማ ማንአለብሽ ትንፋሽ ረጋ አለ። ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ።

ሁለተኛው ነገር ግን አልተቻለም። ሌላ ሰው እንዲማር ምስራቅ ብትለምናቸው እንቢ አሉ። «ብቻዬን ጀመርኩት፤ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ። ዓይኔም ይቅር፤ እጄ ያውቀዋል።»

ልጅቱ ስሪንጁ ውስጥ ውሃ ቀድታ በእጃቸው አስያዘቻቸው። «ይህ ምን ያህል ነው?»

መዘኑት። «ሙሉ ነው።»

ግማሹ ባዶ ነበር። ምስራቅ አልነገረቻቸውም፤ ነገር ግን አባባ ታፈረ ከዝምታዋ አወቁት። ስሪንጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሹ።

ነገሩን ለማለሳለስ ብዬ «እርስዎስ አባባ፣ የት ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማድ ቤት፣ ቆሜ። እሷ በጋቢ ውስጥ፣ እኔ በግድግዳ ውስጥ።»

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምቼ ስስታም ሰው ላይ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ሁለት ባልና ሚስት ግን ስስት የላቸውም፤ ከፍቅር ብዛት ነው ማዕዳቸው ለሁለት የተከፈለው። ከቤቱ ወጥተን ደረጃው ጋ ስንደርስ ምስራቅን «ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ እንሂድ» አልኳት። ያቺን ዓይኗ የተፈራ ጎረቤት ማየት ፈልጌ ነበር።

እማማ ትብለጥ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን፤ እሳቸው ግን «ግቡ፣ ተቀመጡ» ማለት አልረሱም። የመጣንበትን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልወርድም» አሉ። «ማንአለብሽ እህቴ ማለት ናት። ግን አልወርድም። ያን ቀን ያደረገኝን ታውቃላችሁ? እኔ ሸክላ ሠሪ ነበርኩ። ገንቦዬን ገበያ ሳወጣ ሴቶቹ ይገዙኛል፤ በአንድ እጃቸው ገንቦውን ይዘው በአንድ እጃቸው የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑብኛል። ሰው ምሳ ሲበላ በመንገድ ባልፍ አልፌ እስክርቅ ሙዳዩን ይከድናል። ቡዳ ይሉን ነበር። ማታ ጅብ ይሆናሉ ይሉን ነበር። ኢየሩሳሌም ስገባ ይቀራል ብዬ ቻልኩት። እዚህ መጥቼ ታፈረ፣ የቀጥቃጭ ልጅ፣ የራሴ ወገን፣ ከእኔ ዓይን ሚስቱን በጋቢ ከደነ። አሁን ደረጃውን ስወርድ በበሩ በኩል ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።»

ምስራቅ ይህን ነገር በመጽሐፍ እንኳ አላነበበችውም መሰለኝ፤ አፏን ይዛ ቀረች። ወላጆቻችን የሸሹትን ሁሉ ለልጆቻችን አልነገርናቸውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። «እማማ ትብለጥ፣ ይህን ለአባባ ታፈረ እኔ ብነግራቸው ወሬ ይሆናል» አልኳቸው። «እርስዎ ይንገሯቸው። ለእሳቸው ብለው አይደለም፤ ለእማማ ማንአለብሽ ብለው።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ። ከደጃፉ ግን አላለፉም፤ መድረኩ ላይ ቆሙ።

«አያ ታፈረ» አሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ መጣሁ። ደምብያ ሳለን ገበሬው ማረሻውን ሊያሾል ካንተ ዘንድ ሲመጣ ስንቁን የት ሆኖ ይበላ ነበር?»

አባባ ታፈረ የእማማ ትብለጥን ድምፅ ለይተው ተነሡ። ፊታቸውን ወደ አልጋው አዞሩ።

«ንገረኝ እንጂ።»

«ከጋቢው ሥር» አሉ በመጨረሻ። «ከእኔ ተሸሽጎ። እኔ ከእሳቱ ዳር ቆሜ።»

«አንተስ ያን ጊዜ ምን ታደርግ ነበር?»

«ብረቱን አብዝቼ እቀጠቅጥ ነበር።»

«እኔ የምቀጠቅጠው ብረት የለኝም» አሉ እማማ ትብለጥ። «ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ይኸው ነው።»

 ማዶ ሰገነት ላይ አንድ ሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማ ነበር። አባባ ታፈረ እጃቸውን ወደ ጋቢው ዘረጉ፣ ደግሞ መለሱት። ያን ጊዜ ምስራቅ «እማማን ለምን አንጠይቃቸውም?» አለች።

«ምን ብለን? አትናገርም።»

«ይሰማሉ እኮ።»

ሽማግሌው ወደ አልጋው ጠጋ አሉ። «ማንአለብሽ» አሉ፣ ከታመሙ ወዲህ ጥያቄ ሲጠይቋቸው የመጀመሪያቸው እንደሆነ ከአነጋገራቸው ያስታውቅ ነበር። «ትብለጥ ደጅ ቆማለች። ትግባ ወይ?»

እማማ ማንአለብሽ ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። እጁ አየሩን እየዳሰሰ ሄዶ የተወጠረውን ጋቢ ጫፍ ያዘ። ወደ ራሳቸው ሳቡት። ኃይል አልነበራቸውምና አልወረደም። እንደገና ሳቡት። አባባ ታፈረ መጀመሪያ ጋቢውን የሚያስተካክሉ መስሏቸው እጃቸውን ሊያስለቅቁ ሞከሩ፤ እማማ ማንአለብሽ አልለቀቁም። ዓይናቸው በጋቢው አናት ላይ ሆኖ ወደ በሩ ነበር።

ሽማግሌው ገባቸው። ማድ ቤት ሄደው ጉጠት አመጡ። ምስማሩን የመቱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ቀጥቃጭ የመታው ምስማር በቀላሉ አይነቀልምና እየዳበሱ፣ እያላባቸው፣ አንድ በአንድ ነቀሉት። እኔ ላግዛቸው ብነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ። የመጨረሻው ሲወጣ ጋቢው ወለሉ ላይ ወደቀ። «ግቢ፣ ትብለጥ» አሉ። «ይቅር በይኝ።» እማማ ትብለጥ ገብተው ጓደኛቸውን ግንባራቸውን ሳሟቸው። ስለ ፊታቸው ወዝ ምንም አላሉም።

ምስራቅ ሥልጠናዋን በዚያው ሳምንት ጀመረች። እማማ ትብለጥና እኔ ተማሪዎች ሆንን፤ ክንዴም ለበዓል ሲመጣ ተጨመረ። ሆስፒታል ውስጥ ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር ቤት ውስጥ ሲለምዱት የሚያስቅ ይሆናል። መጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ከዚያ አልጋውን ከፍ ማድረግ፣ ቱቦውን በውሃ ማጠብ፣ ስሪንጁን አያይዞ ከፍ አድርጎ መያዝ፤ ምግቡ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መግፋት አያስፈልግም። ሲያልቅ ደግሞ ቱቦው እንዳይደፈን ውሃ ይከተላል። እኔ እንደ አስተማሪ ስቸኩል አንድ ቀን ብርድ ልብሱን በምግብ አርሼው ነበር። እማማ ትብለጥ ግን እጃቸው የሸክላ ሠሪ እጅ ነውና አንድ ጠብታ አላፈሰሱም። አባባ ታፈረም ከምስራቅ የበለጠ ቁጡ አስተማሪ ወጣቸው። «ቀስ፣ ቀስ። እሷ ጥድፊያ አትወድም፤ ልጅ ሳለችም አትወድም ነበር» ይሉናል።

ከእማማ ማንአለብሽ ፊት መብላት ነውር እንዳይሆንም ፈርተን ነበር። አሁን መጠየቅን ለምደናልና ጠየቅናቸው። በግራ እጃቸው ባዶውን ወንበር አመለከቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ታፈረ ማድ ቤት ቆመው መብላታቸው ቀረ።

አንባቢዬ ሆይ፣ የመምህርነት አመሌ አልለቀቀኝምና ጥቂት ልምከር። በቤቱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለው ሰው አመጋገቡን ብቻውን አይወቀው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሙያ ያ ሰው ሲታመም አብሮ ይታመማል። ልጅም፣ ጎረቤትም፣ አማችም ይማር፤ ሥልጠናው ረጅም አይደለም፣ እኔ እንኳ ተምሬዋለሁ። ራስጌው ከፍ ብሎ የሚበላ ሕመምተኛ ሳንባው ይድናል፤ ቱቦው የታጠበለት ሆስፒታል አይመላለስም፤ ረዳት ያለው አስታማሚ ይተኛል፣ ይታከማል፣ ገበያ ወጥቶ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ሕመምተኛው በገዛ ቤቱ፣ በቋንቋው መካከል ይኖራል። ዓይን ይጎዳል አይጎዳም የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው፤ እነሆ አባባ ታፈረ ዛሬም ጣሳውን አውቶቡስ ውስጥ በጋቢ ሸፍነው ነው የሚሄዱት፣ እኔም አልከራከራቸውም። ብቸኝነት ግን እንደሚጎዳ አይቻለሁ። ቆልፈን የተቀመጥነው በር የሚከለክለው ክፉውን ብቻ አይደለም።

አባባ ታፈረ ዓይናቸው የተሠራ ዕለት ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ሦስት ጊዜ ከደረጃው ተመልሰው እጃችንን ታጥበን እንደሆነ ጠየቁን። ከሰዓት በኋላ እማማ ትብለጥ ስሪንጁን ያዙ፤ እኔ እጀታውን አዞርኩ። ከዚያ ሽሮ ቀረበና ከአልጋው ጎን ተቀመጥን። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ማዶ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት እጇን አውለበለበችልን፤ እማማ ማንአለብሽም ግራ እጃቸውን አነሡላት።

አባባ ታፈረ በማግሥቱ የተሠራው ዓይናቸው እንደ መስታወት በሚያሳይ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ተመለሱ። ክንዴ ከሰሜን መጥቶ ደረጃው ላይ ይደግፋቸው ነበር። በሩ አልተቆለፈም ነበር፤ ገፍተው ገቡ። መድረኩ ላይ ቆመው በተሠራው ዓይናቸው ሚስታቸውን አዩ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አጥርተው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከስታለች ወይም ወዝታለች አላሉም።

«በልታለች?» ብለው ጠየቁ።

«በላን» አሉ እማማ ትብለጥ። «ያንተ ወንበር ያው ነው፣ ተቀመጥ።»